የሲሪንጁ ሙከራ ቁጥሩ ለምን አልገጥም ይላል?

ዛሬ ቤተ ሙከራ ውስጥ ውሎው የቦይል ሕግ ነበር፦ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ የፕላስቲክ ቱቦና የግፊት ጌጅ (መለኪያ)። መጠነ ሙቀቱ ካልተለወጠ ግፊት ሲባዛ በይዘት ቋሚ ነው። ሮበርት ቦይል በ1662 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይኸንኑ ነው። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል።

ጌጁ ሲጀመር ዜሮ ያነባል። ዜሮ በ60 ቢባዛ ያው ዜሮ! ጌጁ የሚያሳየው ከከባቢ አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ የአካባቢውን ግፊት መደመር ግድ ነው። ታዲያ ከመጽሐፍ 101 ኪሎ ፓስካል ገልብጣችሁ እንዳትደምሩ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ግፊቱ ወደ 76 ነው።

ዋናው ተንኮለኛ ግን ቱቦው ነው። የውስጥ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 24 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 3 ሚሊ ሊትር አየር ይይዛል። ስለዚህ ፒስተኑን ከ60 ወደ 30 ስትገፉት እውነተኛው ይዘት የሚወርደው ከ63 ወደ 33 ነው፤ ጠቅላላ ግፊቱም የ76 እጥፍ 152 ሳይሆን 145 ገደማ ይሆናል። ይህን "የሙከራ ስሕተት" ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። ከሲሪንጁ የተነበበውን ይዘት በቁም፣ 1/ጠቅላላ ግፊትን በአግድም አድርጋችሁ ግራፍ ሥሩ፤ መስመሩ የቁሙን ዘንግ −3 ላይ ይቆርጠዋል። የቱቦው ይዘት ራሱ ወጣ ማለት ነው።

ቀስ ብላችሁ ግፉ። አየር በፍጥነት ሲታመቅ ስለሚሞቅ የጌጁ መርፌ ዘሎ ይመለሳል፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ አንብቡ። ሲሪንጁንም በመዳፍ አትጨብጡት። ጠብቃችሁም መርፌው መውረዱን ካላቆመ አየር እያመለጠ ነው፤ መጋጠሚያውን በሽቦ አጥብቃችሁ ከ60 እንደገና ጀምሩ።