ትልቅ ሰው ሆኖ የጥርስ ሐኪም መፍራት

ልጅ የጥርስ ሐኪም ቢፈራ ማንም አይገረምም። ያባብሉታል፣ እምቢ ካለም ይጎትቱታል፣ አልቅሶ ታክሞ ይወጣል። የትልቅ ሰው ግን ሌላ ነው። የሚጎትተን የለም። ቀጠሮ የምንይዘው ራሳችን፣ የምንሰርዘውም ራሳችን። እንሰርዛለንም! ድንገት ስብሰባ ገባብኝ፣ ጉንፋን ቢጤ ሊይዘኝ ነው መሰለኝ፣ ደግሞ እኮ ዛሬ ያን ያህልም አላመመኝም... እኔ ለሥራዬ ያላወጣሁትን የፈጠራ ችሎታ ቀጠሮ ለመሰረዝ ያወጣሁ ሰው ነኝ።

ይሄን የምጽፈው ፍርሃቱ ለቆኝ አይደለም። አሁንም እፈራለሁ። ግን እየፈራሁም ቢሆን እሄዳለሁ፣ ለኔ ይሄ በቂ ነው።

መጀመሪያ የረዳኝ የምፈራው ምኑን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው። «ጥርስ ሐኪም እፈራለሁ» ሲባል አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ውስጡ ብዙ ነው። አንዱ መርፌውን ይፈራል። ሌላው የመሰርሰሪያውን ድምፅ። አንዳንዱ የሆነ ነገር ወደ ጉሮሮው ጠጋ ሲል ወደላይ ይለዋል። ሕመሙ ሳይሆን ሐፍረቱ የሚያስቀረውም ብዙ ነው፤ ዓመታት ሙሉ ያልታየ አፍ ከፍቶ ለሰው ማሳየት ቀላል አይደለም። የኔ ደግሞ መንጋለሉ ነው። በጀርባዬ ተኝቼ፣ አፌ ተከፍቶ፣ መናገር ሳልችል፣ ሰው ከላዬ ጎንበስ ብሎ እኔ የማላየውን ነገር ሲሠራ። ጥርስ ነክሶ መቻል እንኳ እዚያ ወንበር ላይ አይሠራም።

ለምን መለየት አስፈለገ? መፍትሔው ስለሚለያይ ነው። መርፌ ለሚፈራ ሰው ጆሮው ላይ ሙዚቃ ማድረግ ብዙም አይረዳውም። ድምፁን ለሚፈራ ግን ትልቅ እፎይታ ነው።

ኖርማን ኮራ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 የጥርስ ሕክምና ፍርሃትን የሚለካ አጭር መጠይቅ አውጥቶ ነበር። ጥያቄዎቹ አራት ብቻ ናቸው። ነገ ጥርስ ሐኪም ጋ የምትሄድ ቢሆን ምን ይሰማሃል? እዚያ ደርሰህ ተራ ስትጠብቅስ? ወንበሩ ላይ ሆነህ ሐኪሙ መሰርሰሪያውን ሲያዘጋጅስ? ጥርስህን ሊያጸዳ መሣሪያዎቹን ሲያወጣስ? ልብ በሉ፣ በአራቱም ውስጥ ጥርስህ ገና አልተነካም። ሁሉም ስለ መጠበቅ ነው። ይሄን ሳይ ከትከት ብዬ ሳቅሁ፣ ምክንያቱም እኔንም የሚጨርሰኝ ከቀጠሮው በፊት ያለችው ሌሊት ናት። ስለዚህ ቀጠሮዬን የጠዋት የመጀመሪያውን አደረግሁት። ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰሉ ውሎ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መሄድ ራስን መቅጣት ነው። እዚያም ሰዓቱ ሲደርስ እገባለሁ እንጂ ቀድሜ ሄጄ የሌላውን ሰው መሰርሰሪያ ቁጭ ብዬ አላዳምጥም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እንደኔ እንደኔ፣ የዚህ ፍርሃት ክፋቱ የሚፈራውን ነገር ራሱ መውለዱ ነው። እንዴት ብትሉ፣ የጥርሳችን የላይኛው ሽፋን ኢናሜል ይባላል፣ በሰውነታችን ውስጥ ከሱ የሚጠነክር ነገር የለም፣ ነርቭ ግን የለውም። ጥርስ መቦርቦር ሲጀምር ታዲያ ምንም አይሰማንም። ከሥሩ ወዳለው ንብርብር ሲዘልቅ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር ይነዝረን ይጀምራል። ነርቩና የደም ሥሮቹ ያሉበት የመሀሉ ክፍል ሲደርስ ነው ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳው ጥዝጠዛ የሚመጣው። የሚፈራ ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው መቼ ነው? ማስታገሻው እምቢ ሲል፣ ጉንጩ ሲያብጥ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ጥርሱ ዙሪያ ያለው ሥጋ ተቆጥቷል፣ የተቆጣ ሥጋ አሲድነቱ ይጨምራል፣ ማደንዘዣው ደግሞ እንዲህ ባለ ቦታ እንደልቡ አይሠራም። ስለዚህ ያ ሰው ከሌላው የበለጠ ያመዋል፤ «ድሮም ብዬ ነበር፣ ጥርስ ሐኪም ያሳምማል» ብሎ ይወጣል፣ ለሚቀጥለው ደግሞ ከበፊቱ የበለጠ ይዘገያል። ትንሿ ቀዳዳ በጊዜ ብትታይ ተሞልታ የምታልቅ ነበረች። ስትቆይ ግን ሩት ካናል (የጥርሱን ውስጥ ጠርጎ መሙላት) ትሆናለች፣ ከዚያም ካለፈ መነቀል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚሸወድበት። ለሳምንታት ሲጠዘጥዝ የነበረ ጥርስ አንድ ቀን ዝም ሊል ይችላል። ደስ አይበላችሁ። ብዙ ጊዜ ነርቩ ሞቶ ነው እንጂ ጥርሱ ድኖ አይደለም፤ ኢንፌክሽኑ ከሥር ሥራውን ይቀጥላል።

እሺ፣ እንዴት ገባሁ? በስልክ ነው የጀመርኩት። ቀጠሮ ስይዝ «በጣም ነው የምፈራው፣ መጀመሪያ ለመታየት ብቻ ነው የምመጣው፣ በዚያ ቀን ምንም ነገር እንዲሠራልኝ አልፈልግም» አልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ምንም ሳይገርማት «ይቻላል» አለችኝ። ለካ እንዲህ የሚል ሰው ሞልቷል። በዚያ ቀን ሐኪሟ አየችኝ፣ ራጅ አነሱኝ፣ ምን ምን መሠራት እንዳለበት፣ የቱ እንደሚቀድም፣ የቱ ሊቆይ እንደሚችል ነገረችኝ፣ በቃ። ምንም ሳልነካ መውጣቴ ያመጣውን ለውጥ ማመን አቃተኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ጭራቅ ስምና ቁጥር ያላቸው ጥቂት ጥርሶች ሆኖ ቀረ።

ሐፍረቱን በተመለከተ ደግሞ፣ እነሱ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት የተጎዳ ጥርስ ነው። የናንተ አያስደነግጣቸውም። የሚቆጣ፣ የሚያሾፍ፣ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» እያለ የሚያሸማቅቅ ሐኪም ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡና ሌላ ፈልጉ። ተቆጥቶ ያዳነው ፍርሃት የለም። ግን ሐኪም መቀየርን ቀጠሮ ለመሰረዝ አዲስ ዘዴ እንዳታደርጉት፣ እኔ ሐሳቡ መጥቶብኝ ያውቃል!

ከዚያ የእጅ ምልክቱ አለ። ግራ እጄን ካነሳሁ ሥራው ይቆማል፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ከመጀመሩ በፊት ነው የምንስማማው። መጀመሪያ ላይ ምንም ሳያመኝ በእርግጥ ይቆም እንደሆነ ለማየት ብቻ አነሳሁት። ቆመች። ያን ጊዜ ትከሻዬ ከጆሮዬ ሥር ወረደ። እንደኔ መንጋለሉና ማዘዝ አለመቻሉ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ከሁሉም በላይ ይሄን ያዙ። አንዳንዱ ሰው እያንዳንዱ ነገር ቀድሞ እንዲነገረው ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ምንም መስማት አይፈልግም፤ የቱ እንደሆናችሁ ንገሯቸው።

መርፌው። ከመውጋታቸው በፊት ድዱን የሚያደነዝዝ ጄል እንዲቀቡላችሁ ጠይቁ፣ ደግሞ እስኪሠራ ትንሽ ይጠብቁ። ከውጊያው ይልቅ የሚያመው ብዙ ጊዜ ፈሳሹ በኃይል ሲገባ የሚፈጥረው ግፊት ነው፣ ስለዚህ «ቀስ አድርገህ» ማለት ትችላላችሁ። አንድ ያልነገሩኝ ነገር ነበር፤ ብዙዎቹ የጥርስ ማደንዘዣዎች አድሬናሊን አላቸው፣ የደም ሥርን አጥብቦ ማደንዘዣው ቦታው ላይ እንዲቆይ ያደርጋል። በዚህ ምክንያት ከመርፌው በኋላ ልብ ድው ድው ሊል ይችላል። እኔ አበቃልኝ ብዬ ነበር። ለካ መድኃኒቱ ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለባችሁ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ያለ፣ ይሄን ለሐኪሙ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ሌላው፣ ማደንዘዣ ሕመሙን ነው የሚወስደው እንጂ መነካቱን አያጠፋም። ሲገፋ፣ ሲጫን፣ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። በተለይ ጥርስ ሲነቀል ግፊቱ ከባድ ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው ግፊቱ ሲሰማው «አልደነዘዘም፣ አሁን ሊያመኝ ነው» ብሎ ይደነግጣል። ግፊት ብቻ ከሆነ ታገሱ፤ የሚወጋ፣ የሚያቃጥል ሕመም ከሆነ ግን እጅ አንሱ፣ ማደንዘዣ ይጨመራል። ዝም ብሎ መቻል ጀግንነት አይደለም።

ይሄ ሁሉ ለማይበቃው ሰው የሚያረጋጋ መድኃኒት አለ። አንዱ በአፍንጫ የሚሳብ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፣ የሚያስቅ ጋዝ የሚሉት፤ ሲያቆሙት ቶሎ ይለቃል። የሚዋጥ ክኒንም አለ፣ እሱ ግን አብሯችሁ የሚመለስ ሰው ይፈልጋል፣ መኪና መንዳትም የለም። በነገራችን ላይ ይሄን ጋዝ ለጥርስ ሕመም የሞከረው ሆረስ ዌልስ የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1844፣ ያውም በራሱ ጥርስ ላይ አስነቅሎ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቦስተን ውስጥ በኤተር ሰው አደንዝዞ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት ያስቻለው ዊልያም ሞርተንም የጥርስ ሐኪም ነበር። ሰው «ያሳምማሉ» እያለ ስማቸውን የሚያነሳው ባለሙያዎች፣ ሕመምን ለማጥፋት ቀድመው ከተሯሯጡት መካከል መሆናቸው ይገርመኛል።

ያልጠቀመኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ሌሊት ላይ የጥርስ ሕክምና ቪዲዮ ማየት፣ አትሞክሩት። ሰው «አይዞህ፣ ምንም አይደል» ሲለኝ መስማት፣ ጭራሽ ያናድደኛል። «ድፍረት እንዲሰጠኝ» ብሎ ጠጥቶ መሄድም የለም፤ ከመድኃኒቱ ጋር ችግር ያመጣል። አተነፋፈስ ግን ይሠራል። በአፍንጫ ስቦ ከሳቡት በላይ ረዘም አድርጎ ማስወጣት። በአፍንጫ መተንፈሱ ወደላይ የሚላቸውንም ይረዳል።

አሁን የማደርገው አንድ ነገር አለ። ቀጣዩን ቀጠሮ የምይዘው ከዚያው ሳልወጣ፣ ከንፈሬ ገና ደንዝዞ፣ ቃላቱ እየተንሸዋረሩብኝ ነው። ቤት ከገባሁማ ከራሴ ጋር መደራደር እጀምራለሁ። የሚጽፉልኝ ሰዎች ምን እንዳልኩ ሁለቴ ይጠይቁኛል፣ ግን ይጽፉታል።