ሰኞ የተፈረመው ሰነድ

እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን! ይህን የምጽፈው ስለቴን ለመፈጸም ነው።

በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ሰባት ወር ታስሬአለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ በአሠሪዬ እጅ እያለ ጊዜው አለፈበት። ወደ አገሬ መግቢያ ሰነድ እንዲሰጠኝ ያስገባሁት ማመልከቻ ደግሞ መልስ አጣ። በየሳምንቱ እጠይቃለሁ፤ በየሳምንቱ «አልመጣም» እባላለሁ።

ከመሰደዴ በፊት የታሪክ መምህር ነበርኩ። በእስር ቤቱ ክፍል ሌት ተቀን በሐሳቤ የሚመላለሰው ሆርሙዝድ ራሳም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ መልስ አጣ፤ በ1864 መጀመሪያ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ። በኤደን ወደብ የእንግሊዝ ረዳት ሹም የነበረው ራሳም የዘገየውን መልስ ይዞ ተላከ። ምጽዋ ላይ ተቀምጦ የመግቢያ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቀ። ንጉሡ ፊት የቀረበው በጥር 1866 እ.ኤ.አ. ነው። በክብር ቢቀበሉትም በዚያው ዓመት እርሱም መቅደላ ላይ በሰንሰለት ታሰረ። አንድ ደብዳቤ በጊዜው ባለመመለሱ ስንት ሰው ተንገላታ!

ራሳም በዛሬዋ ኢራቅ የምትገኘው የሞሱል ከተማ ክርስቲያን ነው። ዲፕሎማት ከመሆኑ በፊት የጥንቷን ነነዌ ፍርስራሽ ቆፍሮ የአሦሩን ንጉሥ የአሹርባኒፓልን ቤተ መንግሥት አግኝቷል።

ነነዌ! ይህ ትዝ ያለኝ ጾመ ነነዌ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ደነገጥኩ። ሦስቱን ቀን እየሰገድኩ፣ «ስምህን አመሰግን ዘንድ ነፍሴን ከወህኒ አውጣት» እያልኩ ጾምኩ። ብታወጣኝ በአደባባይ እመሰክራለሁ ብዬም ተሳልኩ።

ራሳም የተፈታው ሚያዝያ 4 ቀን 1860 ዓ.ም. (1868 እ.ኤ.አ.)፣ በቀዳም ስዑር ነው። እውነቱን ለመናገር ለእርሱ መፈታት እልል ለማለት አንደበቴ ይያዛል፤ በሁለተኛው ቀን ንጉሣችን ራሳቸውን ሠዉ፣ በቀጣዮቹ ቀናትም መቅደላ ተቃጠለች፣ ታቦታቱ ሳይቀሩ ተዘረፉ። ሆኖም በትንሣኤ ዋዜማ እስረኛ መፈታቱን ሳስብ ተስፋዬ ይታደስ ነበር።

ጾሙ በተፈታ ማግስት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጠባቂው ስሜን ጠራ። ሰነዱ መጥቷል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ተቀበልኩና ከፊርማው በታች ያለውን ቀን አነበብኩ። የተፈረመው ሰኞ ነው፤ ጾሙን በጀመርኩበት ዕለት።