መውረር የተወው ሳልሞኔላ

ሥራዬ ከምግብ ጋር ወደ ሰውነት የሚገቡ ባክቴሪያዎች አንጀትን እንዴት እንደሚያሳምሙ ማጥናት ነው፤ ከእነዚህም መካከል አብዛኛውን ጊዜዬን የወሰደው ሳልሞኔላ ነው። ይህ ባክቴሪያ በገላው ላይ መርፌ የሚመስሉ እጅግ ጥቃቅን መዋቅሮችን ያበቅልና በእነርሱ በኩል ፕሮቲኖችን በቀጥታ ወደ አንጀት ሴል ይወጋል። የተወጋው ሴል ውስጣዊ ማገሩ ይናጋል፣ ገጹ እንደ ሞገድ ይነሣል፣ በመጨረሻም ባክቴሪያውን ራሱ ይውጠዋል።

ምን ያህል ባክቴሪያ እንደገባ የምንለካው ጄንታማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ወደ ሴል ውስጥ በቀላሉ የማይዘልቅ በመሆኑ ተጠቅመን ነው። ለአንድ ሴል 10 ያህል ባክቴሪያ እንዲደርስ አድርጌ እጨምራለሁ፤ ለወረራው ግማሽ ሰዓት ያህል ከሰጠሁ በኋላ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም ጄንታማይሲን ያለበትን ፈሳሽ ለ1 ሰዓት አፈስበታለሁ። ውጭ የቀረው ይሞታል፤ ውስጥ የተሸሸገው ይተርፋል። ከዚያም ሴሎቹን አፍርሼ የተረፉትን ባክቴሪያዎች አጋር በተባለው፣ ባክቴሪያ በሚያድግበት ዝልግልግ ምግብ ላይ በሳህን እዘራለሁ፤ በማግሥቱ ሳህኑን ገልብጬ ከጀርባው እያንዳንዷን ኮሎኒ፣ ማለትም ከአንድ ባክቴሪያ ተራብታ በዓይን የምትታየዋን ነጥብ፣ በቀለም እስክሪብቶ እየነካሁ እቆጥራለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሆኖም እንደዚያ ቆጠራ የሚያሳምነኝም የሚያሳፍረኝም ነገር አላውቅም።

ገጠመኙ የደረሰብኝ ተግባሩ በውል ያልታወቀ አንድ ዘረ መል በወረራው ውስጥ ድርሻ ይኖረው እንደሆነ በምመረምርበት ጊዜ ነው። በእያንዳንዱ ሙከራ ሦስት ዝርያዎችን ጎን ለጎን አቀርብ ነበር፤ ምንም ያልተነካውን፣ ያ ዘረ መል የተቆረጠበትን አዲሱን፣ እንዲሁም ለመርፌው ሥራ የግድ የሚያስፈልግ ዘረ መል ስለጎደለው መውረር የማይችለውን። ውጤቱን የማሰላው ያልተነካውን 100 በመቶ አድርጌ ሌሎቹን ከእርሱ አንጻር በማስቀመጥ ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ አዲሱ ዝርያ 110 በመቶ ሆነ፤ ከዚህ ምንም ማለት አይቻልም። ከወር በኋላ 160 ሲደርስ ልቤ ተነሣሣ። በአራተኛው ወር ወደ 270 ሲወጣ ግን ያ ዘረ መል የወረራ ልጓም ነው፣ ሲቆረጥ ባክቴሪያው ያለ ልክ ይወርራል ብዬ ጽፌ፣ ለቡድናችን ስብሰባ የሚቀርብ ባለ ሦስት ዓምድ ሥዕል አዘጋጀሁ። መውረር የማይችለው ዝርያ ዘወትር ጥቂት ኮሎኒ ብቻ ይሰጥ ስለነበር አንቲባዮቲኩ ሥራውን እየሠራ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ በዚህም ምክንያት ሌላ የሚጠረጠር ነገር አልታየኝም።

ሥዕሉን አስቀድሜ ያሳየኋቸው በላቦራቶሪው ረጅም ዘመን ያገለገሉ ባለሙያ ሴት ጥቂት ተመለከቱትና፣ «መቶኛውን ተወውና የቆጠርከውን ቁጥር አምጣልኝ» አሉኝ። መዝገቤን ስገልጥ ቁጥሮቹ ራሳቸው ተናገሩ። የአዲሱ ዝርያ ኮሎኒዎች ከመጀመሪያው ሙከራ እስከ መጨረሻው 190 አካባቢ ናቸው፤ ያልተነካው ግን 172 ነበረ፣ ወደ 118 ወረደ፣ 70 ላይ ደረሰ። የወጣ ነገር አልነበረም፤ መለኪያዬ ራሱ እየሰመጠ ነበር።

«ይህን ያልተነካውን ከየት ነው የምትወስደው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ከማቀዝቀዣው ሳህን ነው፤ ሲያረጅ ወደ አዲስ ሳህን አዛውረዋለሁ» አልኳቸው።

«አዲሱንስ?»

እርሱን በቅርቡ የሠራሁት በመሆኑ እየሳሳሁለት ሁልጊዜ የማወጣው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ በግሊሰሪን ከተቀመጠው ቱቦ ነበር። መልሴን ሳልጨርስ ነገሩ ገባኝ። ባለሙያዋም ተጨማሪ ቃል ሳይናገሩ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በዚያው ዕለት ያልተነካውን ዝርያ ቱቦ ከበረዶው አወጣሁ። እንዳይቀልጥ ፈጥኜ፣ ከላዩ በሽቦ ማንኪያ አሸዋ የምታህል በረዶ ፍቄ በአጋር ላይ አሰመርኩ፤ ቱቦውንም ወዲያው መለስኩ። ሙከራውን ስደግመው ከበረዶ የመጣው 198፣ አዲሱ ዝርያ ደግሞ 190 ኮሎኒ ሰጠ። ከዚያም ከአሮጌው ሳህን 20 ኮሎኒዎችን ለየብቻ አሳድጌ ስፈትናቸው 13ቱ መውረር የማይችሉ ሆነው ተገኙ፤ የተቀሩት እንደ ቀድሞው ይወርራሉ። ከማይወርሩት ጥቂቶቹን መርጠን የዘረ መል ንባብ ስናደርግላቸው መርፌውን የሚያስነሣው ዋና አዛዥ፣ ሂልዲ የተባለው ዘረ መል፣ ተበላሽቶ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ያሰላሰልኩት ይህ የሆነበትን ምክንያት ነው። መርፌውንና የሚወጉትን ፕሮቲኖች መሥራት ለባክቴሪያው ከባድ ወጪ ነው፤ መሣሪያውን የሚታጠቁት ከማይታጠቁት ይልቅ ቀስ ብለው ይራባሉ። ወረራን የሚያስነሣው ጨው የበዛበትና አየር ያነሰበት የማሳደጊያ ፈሳሽ መርፌው እንዲሠራ ያዝዛል እንጂ የሚወረር ሴል ስለሌለው ለለፋው ምንም አይከፍልም። እኔም አንዲት ኮሎኒ በመምረጥ ፈንታ ከሳህኑ ላይ በጅምላ ጠርጌ ሳዛውር፣ ያንኑ የተዛወረውን በፈሳሽ አሳድጌ መልሼ ስዘራ፣ በእያንዳንዱ ዙር ለሰነፎቹ ዕድል እያሰፋሁላቸው ነበር። አራት ወር ለእኔ አጭር ነው፤ በተመቸው ጊዜ በየግማሽ ሰዓቱ ለሁለት ለሚከፈል ፍጥረት ግን ብዙ ትውልድ ነው።

ይህ ጉዳይ በማቀዝቀዣ ብቻ የሚያበቃ አለመሆኑ ነው ስሕተቴን በግማሽ የካሰልኝ። በታመመ አንጀት ውስጥ ወረራው የሚያስነሣው ብግነት ለሳልሞኔላ ይጠቅመዋል፤ የመከላከያ ሴሎች የሚለቁት ኦክሲጅን አዘል ኬሚካል ቴትራታዮኔት የተባለ ውሕድ እንዲፈጠር ያደርጋል፤ ሳልሞኔላም አብዛኞቹ ነባር የአንጀት ባክቴሪያዎች በማይችሉት መንገድ ይተነፍስበታል። ሆኖም ከዚህ ድግስ ሳይዋጉ የቀሩትም እኩል ይቋደሳሉ፤ በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም እንደ እኔዎቹ ሂልዲ የተበላሸባቸው በሕመሙ ሂደት እየበዙ ሲመጡ ታይቷል። ብቻቸውን ቢቀሩ ግን ብግነቱን የሚያስነሣላቸው የለም። ቀድሞ ሳልሞኔላን እንደ አንድ ወራሪ አስብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የሚዋጋና የሚያደባ እንዳለበት ሠራዊት ነው የማየው።

አሮጌውን ሳህን በ121 ዲግሪ እንፋሎት አምክኜ ጣልኩ። ከዚያ በኋላ የሙከራ ሳህን ሁሉ ከበረዶ ይጀምራል፣ ከአንድ ሳምንትም በላይ አያገለግልም፤ በመዝገቤም ከመቶኛው በፊት የቆጠርኩት ቁጥር ይሰፍራል። ያ ዘረ መል በወረራው ላይ ድርሻ እንደሌለው ሙከራውን ሦስት ጊዜ ደግሜ አረጋገጥኩ። ለቡድኑ ስብሰባ ባቀረብኩት ሥዕል ላይ ከሦስቱ ዓምዶች ሁለቱ ቁመታቸው እኩል ነበር።