እኔ ጋ ይከፍታል፣ ሌላው ጋ 404

ፖርትፎሊዮ (የሥራ ማሳያ) ድረ ገጽ መሥራት አይከብድም። የሚከብደው ሌላ ሰው ጋ እንዲከፍት ማድረግ ነው። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም፤ እናንተን ግን ላስጠንቅቃችሁ።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ገጽ መሥሪያ በሆነው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ በሪአክት ሠራሁት፣ ማስጀመሪያው ቪት ነው። በቀድሞው ማስጀመሪያ በክሬት ሪአክት አፕ የሚያስተምር የቆየ ትምህርት ካጋጠማችሁ ዝለሉት፤ የሪአክት ቡድን ራሱ በ2025 እ.ኤ.አ. ጡረታ አውጥቶታል። ስለ እኔ የሚል ገጽ፣ መገናኛ ገጽ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ደግሞ የራሱ ገጽ። እስከዚህ ሰላም ነው።

ከዚያ ሆስቲንግ (ድረ ገጽ የሚያስተናግድ አገልግሎት) ላይ ጫንኩት። ሊንኮቹን አንድ በአንድ ነካካሁ፣ ሁሉም ይሠራሉ። ደስ ብሎኝ የአንዱን ሥራ ሊንክ ኮፒ አድርጌ ሥራ ላመለከትኩበት ቦታ ላክሁ። መልሱ አጭር ነበር፦ "ሊንኩ አይከፍትም።" እንዴት አይከፍትም? እኔ ጋ ይከፍታል! ገጹን ሪፍሬሽ ሳደርገው ግን ሥራዬ ጠፋና 404፣ ማለትም "ገጹ አልተገኘም"፣ ቁጭ አለ።

ለሆስቲንጉ ድጋፍ ክፍል ጻፍኩ። "ካሽዎን ያጽዱ" አሉኝ። አጸዳሁ፣ ያው ነው። "በሌላ ብሮውዘር ይሞክሩ።" ሞከርኩ፣ እዚያም 404። በመጨረሻ "ችግሩ ከእርስዎ ኮድ ነው" ብለው ጉዳዩን ዘጉት። እስከዛሬ ሳስበው ያበሽቀኛል። መፍትሔው እኮ በራሳቸው ሴቲንግ ውስጥ የምትገባ አንዲት መስመር ነበረች!

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ የሪአክት ድረ ገጽ ሲገነባ የሚወጣው አንድ ኤችቲኤምኤል ፋይል ብቻ ነው። ሌላውን ገጽ ሁሉ ጃቫስክሪፕት ብሮውዘር ውስጥ ይሠራዋል። ሊንክ ስትጫኑ ራውተር የሚባለው ገጽ የሚቀያይር ኮድ ላይኛውን አድራሻ ይቀይርና ሌላ ገጽ ያሳያችኋል፤ ሰርቨሩ ወሬውንም አይሰማ። ሪፍሬሽ ስታደርጉ ወይም ሰው ሊንኩን በቀጥታ ሲከፍት ግን ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል። እሱም በዚያ ስም ፋይል ይፈልጋል። ከየት ያምጣው?

ላፕቶፔ ላይ ለምን ሠራ ታዲያ? የቪት መሞከሪያ ሰርቨር የማያውቀው አድራሻ ሲመጣ ዝም ብሎ ዋናውን ፋይል ይሰጣል። ከግንባታ በኋላ የምናይበት ፕሪቪውም እንደዚያው። ስለዚህ ይህን ችግር ጭናችሁ ሳትጨርሱ አታዩትም። የተከተልኩት ትምህርት ይህን ሳይናገር "እንኳን ደስ አላችሁ" ብሎ ነው ያለቀው።

መፍትሔው ሪራይት ይባላል፦ የትኛውም ገጽ ሲጠየቅ ዋናውን ፋይል (ኢንዴክሱን) ስጥ፣ መልሱም 200 ("አለ" ማለት ነው) ይሁን። ሪዳይሬክት (ወደ ሌላ አድራሻ መላክ) እንዳታደርጉት፤ ያኔ የመጣው ሰው ሁሉ ዋናው ገጽ ላይ ይጣላል። ኢንዴክሱን ገልብጣችሁ 404 ብላችሁ ሰይሙት የሚሉም አሉ። ለዓይን ይሠራል፣ ሰርቨሩ ግን አሁንም "የለም" እያለ ነው፤ ሰርች ኢንጂኖችም እንደሌለ ገጽ ይቆጥሩታል።

እፎይ ሳልል ሌላው መጣ። የየትኛውንም ሥራ ሊንክ ቻት ላይ በላክሁ ቁጥር የሚታየው ያው ርዕስና ያው ፎቶ ነው። ቅድመ እይታውን የሚያዘጋጁት ቦቶች በአብዛኛው ጃቫስክሪፕት አያስኬዱም። የሚያነቡት ያንኑ አንድ ፋይል ነው።

እዚህ ላይ አቋሜን ቀየርኩ። የሪአክት ይፋዊ መመሪያ አዲስ ሥራ በፍሬምወርክ (ብዙውን ነገር አዘጋጅቶ በሚሰጥ ማዕቀፍ) ይጀመር ይላል፣ ለምሳሌ በኔክስት ጄኤስ። ለፖርትፎሊዮ ግን በዛ ባይ ነኝ። እኔ አስትሮ ወደሚባል ሌላ ድረ ገጽ መገንቢያ ዞርኩ። ለእያንዳንዱ ገጽ እውነተኛ ኤችቲኤምኤል ፋይል ያወጣል፤ ካልጠየቃችሁት በቀር ጃቫስክሪፕት አይልክም። የሪአክት ኮምፖነንቶቼንም (የገጽ ቁርጥራጮቼን) እዚያው ተጠቀምኩባቸው። 404ውም ቅድመ እይታውም አብረው ተፈቱ። "ሪአክት እንደምችል በምን ይታወቅ?" ካላችሁ፣ በሥራዎቻችሁ አሳዩ። ቀጣሪው የሚፈልገው የሚከፍት ገጽ ነው።

ሊንክ ከመላካችሁ በፊት ከዋናው ሳይሆን ከውስጠኞቹ ገጾች አንዱን በሌላ ስልክ በቀጥታ ክፈቱ። የፎቶዎቹንም የፋይል ስም እዩ። ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ ፊደልን አይለይም፤ አብዛኞቹ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሊኑክስ ግን ይለያል። በትንሽ ፊደል ብቻ ሰይሙና ገላግሉት።