ካጠፉት በኋላ የሚያንጠባጥበው ኤሲ

ኤሲ መግጠም ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት መኝታ ቤታቸው ውስጥ የገጠምኩላቸው አንዲት እናት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ኤሲው ውሃ ያንጠባጥባል። ሲሠራ ደህና ነው፤ ካጠፋሁት በኋላ ነው የሚያንጠባጥበው» አሉኝ።

መልሱን እዚያው በስልክ ነግረውኛል። እኔ ግን «ያንጠባጥባል» የሚለውን ብቻ ነው የሰማሁት። ኤሲ አንጠባጠበ ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው የውሃ መውረጃው ጎማ ነው። ወይ ቆሻሻ ዘግቶታል፣ ወይ ሲገጠም ቁልቁለት አልተሰጠውም። እኔም ያንኑ በሆዴ ይዤ ሄድኩ።

ፊልተሩን አወጣሁ። ንጹህ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ያጥቡታል። ጎማውን ነፋሁት። ከላይ ውሃ ባፈስበት ኩልል ብሎ ወረደ። ለካ አልተዘጋም ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። «አጽድቼዋለሁ» ብዬ ወጣሁ።

በሳምንቱ ድጋሚ ደወሉ። አሁን ማቀዝቀዙም ደክሟል። ሽፋኑን ስከፍተው ከፊልተሩ ጀርባ ያሉት የብረት ክንፎች ግማሹ በረዶ ለብሰዋል። ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ሳስርበት ግፊቱ ወርዷል። «ጋዝ ጨርሶ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ሞላሁት። በረዶው ጠፋ፣ ክፍሉ ቀዘቀዘ፣ መርቀው ሸኙኝ።

ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ምክንያቱም ኤሲ ጋዝ አይጨርስም። መኪና ቤንዚን እንደሚያቃጥለው አይደለም። ያው ጋዝ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ሲዞር ይኖራል። የክፍሉን ሙቀት ተሸክሞ ውጭ ያራግፋል፤ ማሞቂያ ሲደረግ ደግሞ የውጪውን ሙቀት ወደ ውስጥ ያመጣል። ከጎደለ የሆነ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው። የሾለከበትን ሳይፈልጉ መሙላት ቀዳዳ ባልዲ ውስጥ ውሃ እንደመጨመር ነው። ቤታችሁ መጥቶ «ጋዝ አልቋል» የሚላችሁ ሠራተኛ ካለ፣ «በየት በኩል ወጣ?» በሉት። ያን ቀን እንዲህ የሚለኝ ሰው ቢኖር ደስ ባለኝ።

ሁለት ወር አልሞላም፣ ሦስተኛው ስልክ መጣ። ሥራውን ያስተማረኝን ባልደረባዬን ይዤ ሄድኩ።

እሱ ጌጅም አላወጣም። መሰላል ላይ ወጣ፤ የኤሲውን የውስጠኛ ክፍል ከግድግዳው ትንሽ አላቀቀና ከጀርባው የጠቀለልኩትን ፕላስተር ፈታ። ስፖንጁን ገፋ አድርጎ ጣቱን በቀጭኑ ቱቦ ዳዶ ሥር አዞረና አሳየኝ። ጣቱ ላይ አቧራ የያዘ ዘይት አለ። የኮምፕሬሰሩ (ጋዙን ጨምቆ የሚያዞረው ሞተር) ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ ጋዝ በሾለከበት ዘይትም ጥቂት ይወጣል። የሳሙና አረፋ ሲቀባው የመርፌ ጫፍ የምታክል አረፋ ቀስ እያለች ብቅ አለች።

ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «እናቴ፣ የሚያንጠባጥበው ሲሠራ ነው ወይስ ሲጠፋ?»

«ሲጠፋ ነው። የመጀመሪያ ቀን ነግሬዋለሁ እኮ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዙ ሲጎድል በኤሲው የውስጠኛ ክፍል ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። ግፊቱ ሲወርድ ቱቦው ከዜሮ ዲግሪ በታች ይቀዘቅዛል፤ የአየሩ እርጥበት እዚያው በረዶ ሆኖ ይጋገራል። በረዶ ስለሆነ ኤሲው እስኪጠፋ ድረስ ብዙም አይንጠባጠብም። ሲጠፋ ግን አንዴ ይቀልጥና ከሥሩ ያለው መቀበያ አይበቃውም። ፊልተር በቆሻሻ ሲታፈንም እንዲሁ በረዶ ሊሠራ ይችላል፤ የእሳቸው ግን ንጹህ እንደሆነ በዓይኔ አይቼ ነበር።

የቀረውን ጋዝ ወደ ሲሊንደር ሰብስበን ዳዶውን ፈታነው። አፉ እንደ ጽጌ ተከፍቶ የተሠራው የመዳብ ጫፍ እንደ ምላጭ ስስ ሆኗል፤ አንድ ቦታ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። የገጠምኩ ቀን የቶርክ ቁልፍ (ልኩን ጠብቆ የሚያጠብቅ መፍቻ) አልያዝኩም ነበር። በክንዴ ጉልበት አጠበቅኩ፤ «ለማንኛውም» ብዬ አንድ ጊዜ ጨመርኩለት። ለሩብ ኢንች ቱቦ ግን ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር (የማጥበቅ ኃይል መለኪያ) ይበቃል። መዳብ ለስላሳ ነው፤ ረጅም ቁልፍ ይዞ ከዚያ ማለፍ ምንም አይከብድም።

የተጎዳውን ጫፍ ቆርጠን አዲስ ሠራን። የተቆረጠውን ጠርዝ ስፍቅ የቱቦውን አፍ ወደ ታች አስደፋኝ፤ የመዳቡ ፍቅፋቂ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ዳዶውን በጣት አስጀምሬ በቶርክ ቁልፍ ጨረስኩ። በናይትሮጅን ግፊት ፈትነን እንደገና አረፋ ቀባን። ምንም የለም። ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር የሚመጥጠውን ቫክዩም ፓምፕ ከ500 ማይክሮን (የቀረው ግፊት መለኪያ) በታች እስኪወርድ አሠራነው፤ ከዚያ ፓምፑን ዘግተን ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣ እንደሆነ ጠበቅን። እዚህ ላይ መቸኮል ኮምፕሬሰር ይገድላል። ቱቦው ውስጥ የቀረ እርጥበት ከዘይቱ ጋር ሆኖ አሲድ ይፈጥራል። በቫክዩም ውስጥ ግን ውሃ ሳይሞቅ በክፍሉ ሙቀት ብቻ ይፈላና በፓምፑ ይወጣል።

ጋዙን በሚዛን፣ የውጪው ክፍል ላይ በተለጠፈው ልክ ሞላን። እኔ በፊት ስሞላ ሚዛን አልነበረኝም። ስፖንጁንና ፕላስተሩን የመለስነው ሁሉም ከተፈተነ በኋላ ነው።

ለመጀመሪያው ጋዝ የተቀበልኩትን ገንዘብ መለስኩላቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኳቸው። ኤሲውን ሁለት ሰዓት አሠርተን አጠፋነውና ሥሩ ቆመን ጠበቅን። አንድም ጠብታ አልወረደም።

አሁን ውሃ ያንጠባጥባል ብሎ የሚደውልልኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው፣ «ሲሠራ ነው ወይስ ካጠፉት በኋላ?» ብዬ ነው። ከዚያ ጨርሶ እስኪነግረኝ ዝም እላለሁ።