«ዶፕሲክ»ን አይቶ የማይናደድ ማን አለ?

ሰሞኑን «ዶፕሲክ»ን አይቼ ጨረስኩት። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ማይክል ኪተን የቨርጂኒያ የማዕድን ሠራተኞችን የሚያክም ሐኪም ሆኖ የሚተውንበት ድራማ ነው። ተመልካቹ ያለውንም ሳነብ አመሸሁ።

ብዙ ሰው ደሙ የፈላው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ድራማው የሚያወራለት ኦክሲኮንቲን የተባለው ሱስ የሚያስይዝ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ በ1996 ገበያ ሲገባ፣ የመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት ላይ ቀስ እያለ ወደ ሰውነት ስለሚገባ አላግባብ የመወሰድ ዕድሉን ይቀንሳል «ተብሎ ይታመናል» ይል ነበር። በምን ጥናት? እሱን የሚያረጋግጥ ነገር ሳይኖር የአምራቹ ኩባንያ የፐርዱ ሻጮች ያቺን ቃል ይዘው ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ዞሩ። ኩባንያው በ2007 ጥፋተኝነቱን አምኖ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ሲደረግ፣ አብረው ያመኑት ሦስት ኃላፊዎች አንድም ቀን እስር ቤት አላደሩም። እኔም እዚህ ጋ ነው የነደድኩት።

ዝም ተብሎ የሚታለፍ ሌላ ቅሬታ ደግሞ አለ። ለዓመታት በከባድ ሕመም የሚሰቃዩ ሰዎች «እንዲህ ያለ ድራማ በታየ ቁጥር እኛን ሁሉም እንደ ሱሰኛ ያየናል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል) የ2016ቱ መመሪያ እንዲህ ያሉ ማስታገሻዎች ስለሚታዘዙበት መንገድ ከወጣ በኋላ ብዙ ሐኪሞች ፈርተው የታካሚዎቻቸውን የመድኃኒት መጠን በአንድ ጊዜ ቀነሱ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ አቋረጡ፣ ሰውም በሕመምና በመድኃኒት ማጣት ተሰቃየ። መመሪያው በ2022 የተሻሻለውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የእነሱን ታሪክ የሚያሳይ ድራማም እንዲሠራ በጣም እፈልጋለሁ።