ጆን ዌይንን ያማሁበት ዘመን

አባቴ አሜሪካዊውን የካውቦይ ፊልም ተዋናይ ጆን ዌይንን ይወደዋል። እሱ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ይሰለፍ በነበረበት ዘመን «አክተሩ» ማለት የማይሞተው ሰው ነው፤ ለአባቴ ደግሞ አክተሩ ሁልጊዜ ጆን ዌይን ነው። እኔ «ይህ ሰውዬ ኮፍያ ለወጠ እንጂ መቼ ተወነ?» እያልኩ ስሞግተው ኖሬአለሁ። አይመልስልኝም፤ ቡናውን ፉት ይላል።

በዚህ ሳምንት ጉንፋን ሦስት ቀን አስተኛኝና የሰውየውን ፊልሞች ተራ በተራ ከፈትኩ። መጀመሪያ በ1949 የወጣው «ሺ ዎር ኤ የሎው ሪበን» (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጆች ናቸው)። ጡረታ ለመውጣት ቀናት የቀሩት የፈረሰኛ ጦር ሻምበል ሆኖ ይጫወታል፤ ፊልሙ ሲቀረጽ ግን ገና 41 ዓመቱ ነበር። ወታደሮቹ ተሰልፈው የብር ሰዓት ያበረክቱለታል። የሰዓቱ ጀርባ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። ሻምበሉ መነጽሩን ከኪሱ ያወጣል፤ እፍር ብሎ ዓይኑ ላይ ያደርገዋል፤ ያነባል። አባቴ እንግዳ ሲመጣ የጋዜጣ ማንበቢያ መነጽሩን ትራስ ሥር የሚሸጉጥበት እጁ ትዝ አለኝና ፊልሙን አቆምኩት።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ«ሬድ ሪቨር» ውስጥ፣ እንደ ልጁ ያሳደገውን ወጣት ሊገድል የሚያሳድድ ጨካኝ የከብት ባለቤት ሆኖ ነበር። በ«ስቴጅኮች» ለዝና ያበቃው ዳይሬክተር ጆን ፎርድ እንኳ ትወና እንደሚችል ያመነው ያንን ካየ በኋላ ነው ይባላል። እንግዲህ የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አይደለሁም።

በ1956ቱ «ዘ ሰርቸርስ» ደግሞ የወንድሙ ቤተሰብ ሊታረድ እንደሆነ የሚገባው አንድ ቅጽበት አለ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ፈረሱም ደክሟል። ቆሞ ፈረሱን ያብሳል፤ ዓይኑ ግን እዚያ ቤት ደርሷል። ቃል አይወጣውም። ያንን ፊት ስንት ጊዜ «ድንጋይ» ብዬዋለሁ!

የትወና ክልሉ ጠባብ መሆኑን ዛሬም አልክድም። በዚያው በ1956 ጄንጊስ ካን ሆኖ የተጫወተበት ፊልም አለ፤ ጢሙን አንጠልጥሎ እንደ ቴክሳስ ሰው ሲናገር በሳቅ ሳሌ ተነሣብኝ።

የ«ዘ ሰርቸርስ» መጨረሻ ላይ ሁሉም ወደ ቤት ሲገቡ እሱ ደጅ ይቀራል። በግራ እጁ የቀኝ ክንዱን ክርኑ ላይ ይይዛል። ይህ የቀድሞው የካውቦይ ፊልም ተዋናይ የሃሪ ኬሪ አቋቋም ነው። ኬሪ የሞተው በ1947 ሲሆን፣ ባለቤቱ ኦሊቭ እዚሁ ፊልም ውስጥ ትጫወታለች። ከዚያ ዌይን ዞሮ ወደ በረሃው ይሄዳል፤ በሩም ይዘጋል።

ለአባቴ ደወልኩለት። መነጽሩንም፣ ፈረሱንም፣ በሩንም ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና፦

«ጉንፋኑ ተሻለህ ወይ?» አለኝ።